ግንቦት ተዘርቶ መስከረም የሚፈካ

ከአስኮ ወደ ሆለታ፣ ከአየር ጤና ወደ ሰበታ የሚያወጡት መንገዶች ሁለቱም ጽጌረዳ እርሻ ያደርሳሉ። ለውጭ ገበያ የሚለማው ያ ጽጌረዳ ግን ከዘር አይበቅልም፤ ቁራጩ እየተተከለ ወይም በሌላ ግንድ ላይ እየተጣበቀ ነው የሚባዛው። የአዲስ አበባው ኮልፌ ቀራንዮ ነዋሪም አብዛኛው ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ በላስቲክ ያደገ አበባ ገዝቶ ይገባል። እኔ ግን ለክረምታችን ከዘር የበለጠ የሚስማማ የለም ባይ ነኝ።

በየአጥሩ ሥር የምናያቸው ኮስሞስ፣ ዚኒያ፣ ማሪጎልድና ዳሊያ ትውልዳቸው ሜክሲኮ ነው (አደባባዩን ማለቴ አይደለም)። ከአደይ አበባ ጋር የአንድ ቤተሰብ ናቸው። ግንቦት መጨረሻ ቢዘሩ ዝናቡን ጠጥተው ለመስከረም ይደርሳሉ፤ ኮስሞስማ ቀኑ ሲያጥር ማበብ ይወዳል።

ዋናው ሥራ መደቡ ላይ ነው። ጥቁር አፈር ብቻውን ውሃ ይዞ ይጨቀያል፤ ቀይ አፈር፣ አሸዋና በደንብ የበሰበሰ ፍግ ተቀላቅሎ ይነፋል። የፔቱኒያ ዘር እንደ ብናኝ የደቀቀ ነውና አፈር አይጫንበትም፤ ለመብቀል ብርሃን ይሻል። ከላይ ውሃ ቢፈስበት ተጠርጎ ይሄዳል፤ ስለዚህ ዘሩ የተዘራበት ታቹ የተበሳ ጣሳ ውሃ ባለው ሳፋ ውስጥ ተቀምጦ አፈሩ ከሥር ይስባል። ሽምብራ የሚያክለው የናስተርሺየም ፍሬ በአንጻሩ ተዘፍዝፎ ያድርና በሚያድግበት ቦታ ይቀበራል፤ መነቀል አይወድም።

ቡቃያ ብዙ ጊዜ የሚሞተው ውሃ ሲበዛበት ነው። ማታ ቀጥ ብሎ የነበረው ጠዋት ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቀጥኖ ተኝቶ ይገኛል። ፈንገስ ነው፤ ማሳሳትና አየር ማስገባት ይከላከለዋል። አራት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ በደመናማ ቀን ወይም አመሻሽ ላይ ይዛወራል። ከዚያ ወዲያ ያለው ጠላት ቀንድ አውጣና የሐምሌ በረዶ ነው። ለኮስሞስ ፍግ አይብዛ፤ ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል።

አገር በቀሎቹ በጓሯችን ተረስተዋል። አሽንድዬ፣ ሥሩ እጅና እግር የሚያቀላው እንሶስላ፣ የአገራችን የዱር ጽጌረዳ ቀጋ፣ ሁሉም ለአጥር ግቢ ይሆናሉ። በጉለሌና በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተሞች የተዘረጋው 705 ሄክታር የጉለሌ እፅዋት ማዕከል አገር በቀል ዕፅዋትን ለማየት ቅርቡ ቦታ ነው።

ጥቅምትና ኅዳር ዘር ይለቀማል። ደርቆ የጠቆረው ቀጭን የኮስሞስ ዘር በወረቀት ከረጢት ይቀመጣል፤ በፌስታል ይሻግታል። የተገዛው ዘር ፓኬት ላይ ኤፍ 1 (ድቅል ዘር) ተብሎ ከተጻፈ ግን መልቀሙ ድካም ነው፤ ልጁ እናቱን አይመስልም።