ነፋስ ከኋላ ሲሆን የፊት ሸራ እንዴት ይዞራል?

ባለፈው የክረምት ዕረፍት፥ በአሜሪካ አገር በቦስተንና በኬምብሪጅ ከተሞች መካከል በሚያልፈው በቻርለስ ወንዝ ላይ የሸራ ጀልባ አነዳድ ተምሬ ነበር። ከትምህርቱ ሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚጠይቀው፥ ነፋሱ ከኋላ ሲነፍስ አቅጣጫን መለወጥ ነው። ይህንኑ ለመምህራን፥ ለወላጆችና ለትምህርት ጓደኞቼ በአጭሩ ለማስረዳት እወዳለሁ።

ጀልባይቱ ሁለት ሸራዎች አሏት። ትልቁ ከምሰሶው በስተኋላ ሆኖ፥ የታችኛው ጠርዙ በረጅም አግዳሚ ላይ የታሰረ ነው። ትንሹ የፊት ሸራ ደግሞ ከምሰሶው እስከ ጀልባይቱ አፍንጫ በተወጠረው ሽቦ ላይ ይያያዛል። ከዚህ ሸራ የታችኛው ጫፍ ሁለት ገመዶች፥ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ፥ ወደ ተሳፋሪዎቹ ይመጣሉ።

ጀልባይቱ ፊቷን በነፋሱ በኩል አሳልፋ ስትዞር ሸራዎቹ ኀይላቸውን አጥተው ይርገበገባሉ። ኋላዋን በነፋሱ በኩል ስታሳልፍ ግን ትልቁ ሸራ ከነአግዳሚው ካንዱ ወገን ወደ ሌላው በድንገት ይወረወራል። በዚያን ጊዜ ቀና ያለ ሰው ራሱን ክፉኛ ሊመታ፥ ወደ ውኃም ሊወድቅ ይችላል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ነውና፥ የፊቱን ሸራ የሚይዘው ሰው አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። ሥራውም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ መሪውን የያዘው ሰው «ተዘጋጁ» ሲል፥ አሮጌውን ገመድ ከማሰሪያው ፈትቶ ሳይለቁ መያዝ፤ አዲሱንም በሌላው እጅ መጨበጥ።

2ኛ፤ አግዳሚው እስኪያልፍ ድረስ ራስን ዝቅ ማድረግ።

3ኛ፤ ካለፈ በኋላ አሮጌውን ቀስ እያሉ መልቀቅ፥ አዲሱንም በዚያው ልክ መሳብ።

ነፋስ ከኋላ ሲሆን ትልቁ ሸራ የፊቱን ስለሚጋርደው፥ ገመዱን ለመሳብ ብዙ ጉልበት አያስፈልግም። ሰውን የሚያዘናጋውም ይኸው መቅለሉ ነው። ሁለቱ ገመዶች ባንድነት ከተለቀቁ፥ ነፋሱ ሸራውን ከአፍንጫዋ ወደ ፊት ገፍቶ በሽቦው ላይ ሊጠመጥመው ይችላል። የተጠመጠመ ሸራ ደግሞ በቀላሉ አይወርድም። እርሱን ለመፍታት ወደ ፊት የሚሄድ ሰው፥ አግዳሚው ተመልሶ እንዳይመታው ያሠጋል። እንዲህ ሲሆን ከመታገል ይልቅ ጀልባይቱን ወደ ቀድሞው ወገን መልሶ ማዞር ብዙ ጊዜ ይረዳል፤ ሸራው በተጠመጠመበት መንገድ ተመልሶ ይፈታልና።

እንግዲህ ሕጉ አጭር ነው፤ ጀልባይቱ ስትዞር ከሁለቱ ገመዶች አንዱ ምንጊዜም ሸራውን ይዞ መቆየት አለበት።