የአዳማ አቧራና የሶፋ አጣቢው እጅ

ሶፋ በአገራችን የቤት ዕቃ መካከል ገና እንግዳ ነው ለማለት ይቻላል። አያቶቻችን በመደብና በበርጩማ ላይ፣ ወይም አጎዛ አንጥፈው ይቀመጡ ነበር፤ አጎዛው አቧራ የያዘ እንደ ሆነ ወደ ደጅ ወጥቶ በዱላ ይመታል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ነገሩም በዚሁ ያልቃል። ጋቢና ነጠላም በእንዶድ ታጥቦ ሣር ላይ ይሰጣ ነበር። ሶፋ ግን ወንዝ ወርዶ አይታጠብ፣ እንደ አጎዛም በጓሮ አይራገፍ። ጨርቁ ከስፖንጁ፣ ስፖንጁ ከእንጨቱ ጋር ተሰፍቶና ተመትቶ አንድ አካል ሆኗልና ከላይ የፈሰሰበት ነገር ሁሉ ወደ ውስጥ ገብቶ ይቀራል።

ይህ ዕቃ ደግሞ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። አዲስ ሥራ የያዘ ወጣት ወይም ትዳር የመሠረተ መምህር ዕቁብ ደርሶት፣ ወይም ከደመወዙ ለብዙ ወራት ቆጥቦ የሚገዛው ነው። እንዲህ ተለፍቶበት የተገዛ ሶፋ ከአንድ ቀን አጠባ በኋላ ተሸብሽቦ፣ ቡናማ ክብ አውጥቶ፣ የሻጋታ ሽታ ይዞ ሲገኝ ማየት ያሳዝናል። የሚያበላሸውም ብዙ ጊዜ ሰነፍ ሰው ሳይሆን ከመጠን በላይ የተጋ ሰው ነው፤ ሻካራ ብሩሽና ሁለት ባልዲ ውሃ ይዞ የተነሣ ትጉህ። ስለ ሶፋ አጠባ የእጅ መሣሪያዎች ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው። አንዳንድ አንባቢ፣ «ዲግሪ ይዞ ስለ ብሩሽ ይጽፋል ወይ?» ይል ይሆናል። ይበል! ዛሬ በየከተማው ከትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች ተሰባስበው የሚሠማሩበት ሙያ ስለ ሆነ ሊጻፍበት ይገባል እላለሁ።

ነገሩ በአዳማ፣ ወይም ብዙዎች እስከ ዛሬ በሚጠሩበት ስሟ በናዝሬት፣ ይበልጥ ይከብዳል። ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የተቀመጠችው ይህች ከተማ ነፋሷ የታወቀ ነው። በ2004 ዓ.ም. 51 ሜጋ ዋት፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው ሁለት የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች በአቅራቢያዋ ሥራ የጀመሩት ያለ ምክንያት አይደለም። መብራት የሚሰጠን ነፋስ ታዲያ አቧራውንም ጭኖ በመስኮት ያስገባልናል። የስምጥ ሸለቆ ምድር በብዙ ቦታ በእሳተ ገሞራ አመድና ፑሚስ በሚባለው ቀላል፣ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ የተሸፈነ ነው፤ ፑሚስ ማለትም በአረፋ መልክ የረጋ የተፈጥሮ ብርጭቆ ነው። ይህ ድንጋይ ሲደቅ እያንዳንዱ ቅንጣት ስለት ይኖረዋል። በሶፋው ክሮች መካከል የገባ እንደ ሆነ ሰው በተቀመጠና በተነሣ ቁጥር ክሩን እንደ ሞረድ ይገዘግዘዋል። ከወለንጪቲ እስከ መተሐራ፣ ከመቂ እስከ ሻሸመኔ ባሉ ቤቶች የመቀመጫው ግንባርና የእጅ መደገፊያው ቀድመው የሚሳሱት በሰው ክብደት ብቻ አይደለም፤ አቧራውም የድርሻውን ይበላል።

እንግዲህ ይህን አቧራ ውሃ ሳይነካው በደረቁ ማውጣት የመጀመሪያው ሥራ ነው። ውሃ ከቀደመው ጭቃ ይሆንና ወደ ስፖንጁ ይሰርጋል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አያወጣውም። በዱላ መምታትም አይረዳም፤ የተነሣው አቧራ ሳሎኑን ዞሮ ተመልሶ እዚያው ያርፋል። ይህን ነገር አስቀድሞ ያስተዋለ አንድ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነበር፤ ስሙ ሁበርት ሴሲል ቡዝ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1901 በለንደን አቧራን በነፋስ እየነፋ የሚያጸዳ መሣሪያ ሲሞከር ተመለከተና፣ መንፋቱን ትቶ መሳብ የተሻለ እንደሚሆን አሰበ። እንደሚተረከውም፣ በአንድ ምግብ ቤት ሳለ መሐረቡን በጨርቅ በተለበጠ ወንበር ላይ ዘርግቶ በአፉ አጥብቆ ሳበው። ትን እያለው መሐረቡን ገልብጦ ቢያይ ከሥሩ ጥቁር ሆኖ አገኘው። ከዚያ የሠራው መኪና በፈረስ የሚጎተት፣ ደጅ ቆሞ ረጅም ጎማውን በመስኮት የሚያስገባ ግዙፍ ነገር ነበር። ዛሬ በትከሻ የምንሸከመው ቫኪዩም የዚያ የልጅ ልጅ ነው። የሚገርመኝ ግን የነገሩ መነሻ የሶፋ ዘመድ የሆነ ወንበር መሆኑ ነው።

ቫኪዩም ሲገዛ ሰው የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ጉልበት ነው፤ እኔ ግን ስለ አፉ እንዲጠይቅ እመክራለሁ። ለወለል የተሠራው ሰፊ አፍ በሶፋ ጠመዝማዛ ገጽ ላይ ግማሹ አየር ላይ ይቀርና ጉልበቱ ይባክናል። ለመቀመጫው ከጣት እስከ መዳፍ ስፋት ያለው ጠፍጣፋ አፍ፣ ለመገጣጠሚያው ቀጭንና ሹል አፍ፣ ለከፈይ ደግሞ ዙሪያውን ለስላሳ ጠጕር ያለው አፍ ያስፈልጋል። እጅም አይቸኩል፤ አንዱን መቀመጫ በዝግታ፣ መጀመሪያ ወደ ጎን ቀጥሎ ወደ ፊት መሳብ ነው።

ወደ ውሃው እንምጣ። በአዳማ አንድ ቤት ሶፋ ሲታጠብ ቆሜ አይቻለሁ። የቤቱ እመቤት ትዕግሥታቸው አለቀና፣ «ምነው ልጄ፣ ውሃውን ትሰስታለህ? ቧንቧው እደጅ አለልህ፤ ደኅና አድርገህ አፍስስበት እንጂ» አሉት። ልጁም ሥራውን ሳያቋርጥ፣ «እትዬ፣ ያፈሰስኩትን ሁሉ መልሼ ማውጣት አለብኝ። የማላወጣውን አላፈስም» አላቸው። እመቤቲቱ የረኩ አይመስለኝም፤ ሌላ ጊዜ አረፋ የሚያበዛ ሰው ይጠሩ ይሆናል። የሙያው ችግርም እዚህ ላይ ነው፤ ደንበኛው የሚያየው አረፋውን እንጂ በሥሩ የቀረውን ውሃ አይደለም።

በሥሩ የቀረ ውሃ ምን ያደርጋል? ጨርቁ ሲደርቅ ከስፖንጁ ውስጥ ያለው ርጥበት ልክ ጋዝ በፋኖስ ክር ላይ እንደሚወጣ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣም ቆሻሻውን ይዞ ነው። ስለዚህ ማታ የነጻ ሶፋ በማግሥቱ ቡናማ ሆኖ ይገኛል። ጥጥነት ያለው ጨርቅ ከሆነ ራሱ ጥጡ ቀለም ይለቃል። በርካሽ ሶፋዎች ውስጥ ያለው ቺፑድ ደግሞ ውሃ ሲጠጣ አብጦ ይፈርሳል። የአዳማ የቧንቧ ውሃ ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ የሚመጣ ነው፤ በሌሎቹ የስምጥ ሸለቆ ከተሞችና ቀበሌዎች ግን ብዙው የጉድጓድ ውሃ ሶዳና ፍሎራይድ የበዛበት ነው። ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይዱ ሲሆን፣ ጥቁር ጨርቅ ላይ ደርቆ ነጭ ዱቄት የሚመስለው ደግሞ ሶዳው ነው። በእንዲህ ያለ ውሃ ያጠበ ሰው በመጨረሻ ጥቂት ኮምጣጤ በተጨመረበት ንጹሕ ውሃ በነከረው ጨርቅ ቢያብሰው መልካም ነው፤ ነገር ግን አስቀድሞ በማይታይ ቦታ፣ በሶፋው ጀርባ ሥር፣ ቀለሙ እንዳይለቅ ይሞክር።

ከውጭ የመጡ ሶፋዎች ከመቀመጫው ሥር የተሰፋ ምልክት ይኖራቸዋል። በላቲን ፊደል «ደብልዩ» ያለው በውሃ፣ «ኤስ» ያለው ያለ ውሃ በማሟሟቻ ብቻ፣ «ኤክስ» ያለው ደግሞ በቫኪዩምና በለስላሳ ብሩሽ ብቻ ይጸዳል ማለት ነው። ይህን ሳያነብ ባልዲ የሚያነሣ ባለሙያ አላውቅም፤ ባለሙያ ነኝ የሚል ግን አውቃለሁ።

ብሩሽ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነው። የሽቦ ብሩሽና የወለል መፈግፈጊያ ሶፋ አጠገብ ሊደርሱ አይገባም። ለጠንካራ ሰው ሠራሽ ክር ለስላሳ የናይለን ብሩሽ ይበቃል፤ ለከፈይና ለስስ ጨርቅ የፈረስ ጠጕር ይሻላል። ሊስትሮዎች ጫማ የሚያበሩበት ዓይነት ብሩሽ ለዚህ እጅግ የተስማማ ነው፤ አደራ፣ አዲሱን እንጂ ቀለም የነካውን አይደለም! መርጦ ለመግዛት የክንድን የውስጥ ገጽ ማሸት ይረዳል፤ ቆዳን የቧጨረ ብሩሽ ክርንም ይቧጭራል። ለስፌትና ለአዝራር ሥር አሮጌ የጥርስ ብሩሽን የሚያህል የለም። ብሩሽ የሚታሸው አረፋውን በጨርቁ ፊት ላይ ለማዳረስ ያህል ብቻ በቀላሉ ነው። ከፈይ ላይ ደግሞ ጠጕሩ በተኛበት አቅጣጫ ይሄዳል።

ስለ ጨርቅ አንድ ቃል ልበል። ባለ ቀለም ጨርቅ ቀለሙን ለሶፋው ያወርሳል፤ ስለዚህ ነጭ ይሁን። ብዙ ጊዜ ታጥቦ ገለባው የለቀቀ አቡጀዲ በየቤቱ አለ። እድፍ ላይ ተጭኖ ማንሣት እንጂ መፈተግ አይገባም። የበርበሬ ወጥ የፈሰሰበት እንደ ሆነ አስቀድሞ በማንኪያ ጠርዝ ከዳር ወደ መካከል ይፋቃል፤ የበርበሬ ቀለም በዘይት እንጂ በውሃ አይሟሟምና ከዚያ በኋላ ጠብታ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ያስፈልገዋል። የቀረው ጥላ ብርሃን በሚያገኝበት ቦታ ቀስ በቀስ ይደበዝዛል። ቡና ግን ወዲያው ከተደረሰበት በነጭ ጨርቅና በጥቂት ውሃ ብዙው ይወጣል።

አሁን ወደ ዋናው መሣሪያ ደረስን፤ ይኸውም ውሃ እየረጨ መልሶ የሚመጠው መኪና የእጅ አፍ ነው። ለሶፋ የሚሆነው ስምንት እስከ ዐሥር ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ በላዩ ብርሃን የሚያሳልፍ መስኮት ያለው ነው፤ በመስኮቱ ውስጥ የሚወጣውን ውሃ ማየት ይቻላልና። ከንፈሩ ቀጥ ያለ፣ ጥፍር ቢያልፍበት የማያደናቅፍ መሆን አለበት፤ አንዲት ትንሽ ስባሪ የሶፋውን ክር መዛ ታወጣለች። አሠራሩ ወደ ራስ እየሳቡ አንድ ጊዜ እየረጩ ማለፍ፣ ከዚያ መርጫውን ለቆ በዚያው መሥመር ሁለትና ሦስት ጊዜ እየመጠጡ መመለስ ነው። በመስኮቱ ጠብታ መታየት ሲያቆም ብቻ ወደ ሚቀጥለው መሥመር ይታለፋል። መብራት ድንገት ሊጠፋ ስለሚችል ሶፋውን በሙሉ አርሶ መጀመር ድፍረት ነው፤ አንድ መቀመጫ ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ይገባል። ለመሥሪያ ቤት ዕቃ የምትገዙ ወጣት ሹማምንትም ይህን ልብ በሉ። ትልቅ መኪና ከወለል አፍ ጋር ብቻ ተገዝቶ፣ የእጅ አፍ ስለሌለው ወንበሮቹ በባልዲ የሚታጠቡበት መሥሪያ ቤት ቢገኝ አይደንቀኝም።

የአውቶቡስና የሚኒባስ ወንበር በዚሁ ሥርዐት ይጸዳል፤ ቆዳ ፋብሪካዎች ባሉባት በሞጆ በኩል የሚያልፍ ሰው ሊገምት እንደሚችለው ግን፣ እውነተኛ ቆዳ ሙቅ ውሃና መምጠጫ አይወድም፤ በጥቂቱ የረጠበ ጨርቅ፣ ለስላሳ ብሩሽና የቆዳ ቅባት ይበቃዋል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። ከቤት ወደ ቤት የሚዞር ብሩሽና የቫኪዩም ከረጢት ትኋን ይዞ ሊዞር ይችላል። በሶፋ ስፌት ውስጥ ጥቁር ነጠብጣብ ያየ አጣቢ ለባለቤቱ በግልጽ ይንገር፤ ከረጢቱንም እዚያው ደጅ አውጥቶ ቋጥሮ ያስወግድ፣ ብሩሾቹንም በፈላ ውሃ ይንከር። ባለቤቱም እንደ ስድብ አይቁጠረው። መጅሊስ በተነጠፈበት ቤት፣ እንግዳ በሚበዛበት ሳሎን፣ ይህ ጥንቃቄ ይልቁንም ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ሥራ ማድረቅ ነው። የአዳማ ደረቅ አየር ለአጣቢ ወዳጅ ነው፤ ነፋሱ ሲበረታ ግን አቧራውን በርጥቡ ጨርቅ ላይ ይለጥፈዋል። ስለዚህ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ያለው መስኮት ይዘጋ፣ በተቃራኒው ያለው ይከፈት፤ መቀመጫዎቹ በጎናቸው ይቁሙ፤ የእግሩ እንጨት ምንጣፉን እንዳያቀልመው በየእግሩ ሥር ላስቲክ ይግባ። እጅ ጀርባ ሲነካው ቅዝቃዜ የሚሰማ ከሆነ ገና አልደረቀም። በዚያ ማታ ቡና ለመጠጣት ጎረቤት የመጣ እንደ ሆነ በርጩማ ይቅረብለት።