የ«አዲስ ዘመን» ድጋፍ ከደምበጫ ሲታይ

አንድ ጋዜጣ ለማን ቆሟል ብሎ የሚጠይቅ ሰው በቅድሚያ ጋዜጣው የማን ንብረት ነው ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ይህ መሠረታዊ ጥያቄ ሳይመለስ ስለ ነፃነት፣ ስለ ሚዛናዊነትና ስለ ሰፊው ሕዝብ ድምፅ የሚነገረው ሁሉ ከባዶ የቃላት ድርደራ አያልፍም።

በካፒታሊስቱ ዓለም የሚታተሙ ታላላቅ ዕለታዊ ጋዜጦች ምርጫ በደረሰ ቁጥር የሚደግፉትን ዕጩ በርዕሰ አንቀጽ የማሳወቅ ልማድ አላቸው። ኒውዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በ1860 አብርሃም ሊንከንን ደግፎ ይህን ልማድ ጀመረ። ዘ ሰን የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ ወግ አጥባቂውን ፓርቲ ለአያሌ ዓመታት ሲያወድስ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1997 ፊቱን አዙሮ ለሌበር ፓርቲ አደረ። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ የዋሽንግተን ፖስት አዘጋጆች የድጋፍ ጽሑፋቸውን ካረቀቁ በኋላ በባለቤቱ በጄፍ ቤዞስ ውሳኔ ሳይወጣ ቀረ። በዚህ የተቆጡ አያሌ አንባቢያንም ደንበኝነታቸውን ሰረዙ። ብዕሩ የአዘጋጁ ቢሆንም ማኅተሙ የባለ ንብረቱ መሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻንም።

በአገራችን አንጋፋው የአዲስ አበባ ዕለታዊ ጋዜጣ አዲስ ዘመን ነው። አዲስ ዘመን «ዕጩዬ እገሌ ነው» ብሎ የማወጅ ልማድ አልነበረውም፤ ባለ ንብረቱ መንግሥት ስለሆነ ምርጫው አስቀድሞ ተመርጦለት ኖሯል። ይህ ማለት ግን ድጋፍ አልሰጠም ማለት አይደለም። ድጋፉን የሰጠው በርዕሱ፣ በፊት ገጹ ፎቶግራፍና፣ ከሁሉም በላይ፣ በዝምታው ነው።

ነገሩን ከደምበጫ ሆነን ለመመልከት የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ጋዜጣው የተወለደበት ድል ያለፈው በዚህችው የጎጃም ከተማ በኩል ነበርና። የካቲት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ከቡሬ ወደ ደብረ ማርቆስ ያፈገፍግ የነበረው የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር በደምበጫ አጠገብ ከአንድ የኢትዮጵያውያን ሻለቃ ጋር ገጠመ። ሻለቃው በቁጥር እጅግ የሚበልጠውን ጠላት ተጋፍጦ ከባድ መሥዋዕትነት ከፈለ፤ በወራሪውም ላይ ብርቱ ጉዳት አደረሰ። ከወር በኋላ፣ መጋቢት 28 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ አዲስ አበባ። በዚያ ዘመቻ ጊዜ «ባንዲራችን» የምትባል በአማርኛ የተዘጋጀች የቅስቀሳ ጋዜጣ በጎጃም አርበኞችና በባላገሩ መካከል ትሠራጭ ነበር። የጎጃም ገበሬ የጋዜጣን ኃይል የቀመሰው በጦር ሜዳ ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም።

አዲስ ዘመን ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. መታተም ጀመረ። በመጀመሪያ ሳምንታዊ ነበር፤ ዕለታዊ የሆነው ኋላ ነው። ከእሱ አስቀድሞ በምኒልክ ዘመን «አእምሮ»፣ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ያቋቋሙት «ብርሃንና ሰላም» ነበሩ። ሁሉም ከቤተ መንግሥት ጓሮ የበቀሉ ናቸው። የአዲሱ ጋዜጣ ልዩነት በስሙ ላይ ነው። «አዲስ ዘመን» ብሎ ስም ማውጣት ራሱ የፖለቲካ ድጋፍ ነው፤ ገና የመጀመሪያው ዜና ሳይጻፍ፣ የመጣው ሥርዓት አዲስና የተባረከ መሆኑ በጋዜጣው ግንባር ላይ ታትሟልና።

ለመሆኑ በደምበጫ መንገድ ደሙን ያፈሰሰው ባላገር ከዚያ አዲስ ዘመን የደረሰው ድርሻ ምን ነበር? በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የንግግርና የፕሬስ ነፃነትን «በሕግ መሠረት» ሲል ፈቀደ። ሕጉን የሚያወጣው ግን ያው ገዢው መደብ፣ ጋዜጣውን አንብቦ የሚያሳልፈውም የእሱው ሹም ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ ርስቴ ተለክቶ ሊወሰድ ነው የሚል ሥጋት ስላደረበት በሞጣ፣ በቢቸናና በሌሎችም አውራጃዎች ተነሣ። መንግሥት ጦር አዘመተ፤ መንደሮች በአውሮፕላን ተደበደቡ። በኋላ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፍ ግብርም ተማረ። ይህ ሁሉ ሲሆን ገበሬው አቤቱታውን በራሱ ቃል የሚያሰማበት ዓምድ አልነበረውም። አንድ ቁም ነገር እዚህ ላይ እናስምርበት፤ ጋዜጣው የሚተዳደረው ከመንግሥት ግምጃ ቤት ሲሆን፣ ግምጃ ቤቱን የሚሞላው ግብር ደግሞ ያ ገበሬ የሚከፍለው ነው። በገዛ ገንዘቡ ድምፁን ታፈነ።

የወሎው ረሃብም እንዲሁ ነው። በ1965 ዓ.ም. ሕዝብ በመንገድ ዳር ሲረግፍ አገሩ በመንግሥት መገናኛ ብዙኃን አልሰማም፤ ዓለም የሰማው የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1966 ዓ.ም. መባቻ ባቀረበው ፊልም አማካይነት ነው። የየካቲት 1966 ማዕበል በተነሣ ጊዜ ግን የጋዜጠኛው እጅ ተፈታ። ለጥቂት ወራት ቀድሞ የማይነገረው ይነገር ጀመር። ክረምቱ ሲገባ ያ ትናንት «ግርማዊነታቸው» ሲል የኖረው ብዕር በንጉሡ ላይ ዘመቻ ከፈተ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ወረዱ። ማተሚያ ቤቱ አልተለወጠም። የጋዜጣው ስምም አልተለወጠም፤ ለደርግም አዲስ ዘመን ሆኖ አገለገለው።

በፍትሕ ለመናገር፣ በዚህ ጋዜጣ ታሪክ ውስጥ አንድ የተለየ ወቅት አለ። በ1968 ዓ.ም. «አብዮታዊ መድረክ» በተባለው ዓምድ ሥር ስለ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥትና ስለ ዴሞክራሲ መብት ምሁራን በብዕር ስም ተፋለሙ። የኢሕአፓ «ዴሞክራሲያ» እና የመኢሶን «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» በኅቡዕ የሚያካሂዱት ክርክር ለአጭር ጊዜ ወደ አደባባይ ወጣ። ክርክሩ መራራ ነበር፤ አንዳንዱም የጥይት ዋዜማ እንደነበረ ታሪክ መስክሯል። ያም ሆኖ አንባቢው ሁለት ተቃራኒ ሐሳቦችን በአንድ የመንግሥት ጋዜጣ ላይ አነበበ። ብዙም ሳይቆይ ኢሕአፓ በቀይ ሽብር ተመታ፤ መኢሶንም በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ከደርግ ተለይቶ ወደ ኅቡዕ ገባ። በዓምዱም የሚሰማው አንድ ድምፅ ብቻ ሆነ።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ፤ በማግሥቱም ዓመት ከዩኔስኮ ሽልማት አስገኘ። ይህ ታላቅ ሥራ መሆኑን የሚክድ አይኖርም። ነገር ግን አዲሱ አንባቢ ፊደል ቆጥሮ ጋዜጣ ሲይዝ፣ ከመንግሥት የተለየ ቃል የሚያነብበት ሌላ ዕለታዊ ጋዜጣ አልነበረውም። ቃሉ ከተለየስ ምን ይከተል ነበር? የአዲስ ዘመን ዋና አዘጋጅ የነበረው ደራሲ በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. አሳተመ፤ መጽሐፉ ታገደ፤ እሱም ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ።

ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ሌላ ባለ ንብረት መጣ። ስሙ አሁንም አልተነካም። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጁ ቅድመ ምርመራን አስቀረ፤ የግል ጋዜጦችም እንደ አሸን ፈሉ። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ዋዜማ ተቃዋሚ ፓርቲዎች በመንግሥት መገናኛ ብዙኃን የአየር ሰዓትና የጋዜጣ ዓምድ ተመድቦላቸው ነበር። ከድምፅ መስጫው በኋላ ውጤቱ ሲያወዛግብ በአደባባይ ደም ፈሰሰ፤ የግል ጋዜጦች ተዘጉ፤ አዘጋጆቻቸውም ታሰሩ። የመንግሥቱ ጋዜጣ መታተሙን ቀጠለ።

የመንግሥት ጋዜጣ መንግሥትን ቢደግፍ ምን ያስደንቃል የሚሉ ወገኖች አሉ። ክርክራቸው መልስ የሚያሻው ነው። ሌኒን እ.ኤ.አ. በ1901 ጋዜጣን እንደ አደራጅ መሣሪያ ሲገልጽ የተናገረው ስለ ፓርቲ ጋዜጣ ነው፤ የፓርቲ ጋዜጣ የሚቆመው በአባላቱ መዋጮ ስለሆነ ለፓርቲው ቢወግን ማንንም አያታልልም። በአገራችንም «ሠርቶ አደር» የፓርቲ ልሳን መሆኑን ግንባሩ ላይ ጽፎ ይወጣ ነበር። አዲስ ዘመን ግን የሕዝብ ንብረት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ ወይም በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ያለ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ለማስተናገድ በሚያስችለው ሁኔታ እንዲመራ ያዛል። ስለዚህ ጥያቄው የአዘጋጆች በጎ ፈቃድ አይደለም፤ የሕግ ግዴታ ነው።

ግዴታው መፈጸሙን ለማወቅ ደግሞ ረጅም ጥናት አያሻም። ጋዜጣው ዛሬም በኢትዮጵያ ፕሬስ ድርጅት ሥር ይታተማል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ አቋርጦ ደምበጫ የሚደርሰውን አንድ ቅጂ እንገልብጥ። ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ግብርና ስለ መሬት ሹሙ የተናገረው በየትኛው ገጽ፣ በስንት ዓምድ ወጣ? ገበሬውስ በገዛ ስሙና በገዛ ቃሉ «የለም፣ እንዲህ አይደለም» ያለበት ዓምድ የትኛው ነው?