«አሻራ አምጣ» ከተባለ በኋላ

ሰሞኑን አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ድርጅት የሰው ኃይል ኃላፊ ሥራ ፈላጊውን «አንዴ የተፈረደበት ሰው በሕግ አይቀጠርም» ብሎ መለሰው። ሰውየው ቅጣቱን ከጨረሰ ዓመታት አልፈዋል። በቴሌግራም የሚዘዋወሩት «የሕግ ምክሮች»ም ይህንኑ ይደግማሉ። ውሸት ነው! አንዳንድ የሥራ መደቦች፣ በተለይ በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የራሳቸው ገደብ አላቸው፤ ሁሉንም ሥራ በጅምላ የሚዘጋ ሕግ ግን የለም።

ስለዚህ ለተፈረደበት ሰው በሕግ የተከፈቱትን መንገዶች በቅደም ተከተል እንያቸው፦

1. ይቅርታ ቅጣቱን ያስቀራል ወይም ያቀላል። ፍርዱ ግን መዝገብ ላይ ይቆያል። በይቅርታ የወጣ ሰው «ነጻ ነህ ተብያለሁ» ብሎ ሄዶ ከፖሊስ ባወጣው የአሻራ ማረጋገጫ ላይ ሪከርድ ሲያይ የሚደነግጠው ለዚህ ነው።

2. ምሕረት ይሰፋል። ክሱንም ፍርዱንም እንዳልነበረ ያደርጋል። ሐምሌ 2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የምሕረት እንጂ የይቅርታ አልነበረም፤ እስከ ዛሬ ሁለቱን የሚያደባልቅ ጋዜጠኛ አለ።

አመክሮን ሁሉም ያውቀዋል፣ ይታለፍ። የተረሳው መሰየም ነው፦ ተፈርዶበት የነበረን ሰው ወደ መብቱ መመለስ።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 232 ጀምሮ ይደነግገዋል፤ በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ነበረ። ጽኑ እስራት የተፈረደበት ሰው ቅጣቱን ከፈጸመ ቢያንስ አምስት ዓመት፣ በሌሎች ቅጣቶች ቢያንስ ሁለት ዓመት ካለፈው፣ በመልካም ጠባይ ከቆየና የተበዳዩን ካሳ አቅሙ በፈቀደ መጠን ከከፈለ፣ ፍርድ ቤት እንዲሰይመው መጠየቅ ይችላል። ከተፈቀደለት ፍርዱ ከመዝገብ ይሰረዛል፣ ለወደፊቱም እንዳልነበረ ይቆጠራል፣ የተሻሩት መብቶች ይመለሱለታል። ከዚያ ወዲያ በክፋት ተነሳስቶ በድሮ ፍርዱ የሚያነውረው ሰው በስም ማጥፋት ይጠየቃል፤ «የተናገርኩት እውነት ነው» የሚለው መከላከያም አያድነውም።

ይህን ሰምቶ ከማረሚያ ቤት የሚወጣ ታራሚ ስንት ነው? የመልቀቂያ ወረቀቱን የሚያስረክበው ሠራተኛ በዚያው ደቂቃ ሁለት ዐረፍተ ነገር ቢጨምርለት ምን ይጎዳል?

የቀጣሪዎቹ ይብሳል። ለጥበቃም፣ ለጽዳትም፣ ለሹፍርናም አሻራ ይጠየቃል። ሪከርድ ከታየ ወንጀሉ ምን እንደነበረ፣ ስንት ዓመት እንዳለፈው የሚጠይቅ የለም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሰፈር ውስጥ የተደባደበውም የድርጅት ገንዘብ ያጎደለውም እኩል ይባረራል። አሻራውን ያለፈ ደግሞ ዋስ አምጣ ይባላል፤ ደመወዙን የሚገልጽ ደብዳቤ ይዞ የሚፈርም ተቀጣሪ። ዝዋይ ማረሚያ ቤት ዓመታት የቆየ ሰው ይህን ዋስ ከየት ያመጣል? የሥራ ባልደረባ የለውም፣ ጓደኞቹ ርቀውታል፣ ዘመዶቹም መፈረም ይፈራሉ። በሩ ሁሉ ተዘግቶበት ዳግም ሲታሰር «ድሮም ጠባዩ ነው» ይባላል።

ራሱን ያቆመ የቀድሞ እስረኛ ለሌላው ምን ሊሠራ እንደሚችል የሚጠራጠር ካለ የፍሎሪዳውን ዴዝመንድ ሚድን ይመልከት። ከእስር ወጥቶ በ2005 እ.ኤ.አ. ቤት የሌለው ሱሰኛ ነበር፤ ማያሚ ውስጥ ራሱን ሊያጠፋ ሐዲድ ዳር ቆሞ ባቡር ጠበቀ። ባቡሩ አልመጣም። ማገገሚያ ገባ፣ ኮሌጅ ተመዘገበ፣ በ2014 በሕግ ተመረቀ። በ2016 ባለቤቱ ለግዛቱ ምክር ቤት ስትወዳደር ሊመርጣት አልቻለም፤ በፍርዱ የተነሳ የመምረጥ መብት አልነበረውም። እርሱና ባልደረቦቹ ፊርማ አሰባስበው ጉዳዩን ለሕዝብ ድምፅ አቀረቡ፤ በኖቬምበር 2018 ከመራጩ 64 በመቶ ያህሉ ደገፈው። ከነፍስ ግድያና ከወሲብ ወንጀል ውጪ ተፈርዶባቸው ቅጣታቸውን ለጨረሱ፣ እስከ 1.4 ሚሊዮን ለሚገመቱ ሰዎች የመምረጥ መንገድ ተከፈተ። በዓመቱ ሕግ አውጪዎቹ «መቀጮና የፍርድ ቤት ክፍያ ያልጨረሰ አይመርጥም» ብለው አጠበቡት። የሚድ ድርጅት ገንዘብ እያሰባሰበ የሰዎቹን ዕዳ ወደ መክፈል ገባ።

እዚህ አገር ለመሰየም ሕዝበ ውሳኔ አያስፈልግም፣ ድንጋጌው ተጽፎ ተቀምጧል። ጊዜው የሞላለት ሰው የፍርዱን ግልባጭ፣ የመልቀቂያ ወረቀቱን፣ ካሳ ካለበት የከፈለበትን ደረሰኝ ያዘጋጅ፤ ስለ ኑሮው የሚመሰክሩለት ጎረቤቶችም ይፈልግ። ተሰይሞ ያበቃ ሰው ደግሞ አብሮት የታሰረውን ወንድሙን ይዞ እስከ ሬጅስትራር መስኮት ይሂድ፤ የትኛው ወረቀት እንደሚጎድል፣ ማመልከቻው እንዴት እንደሚጻፍ ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።