ከዓይን የተሰወረ ምስል ከዳታ ሂሳብ አያመልጥም

በኮምፒውተር ሲታይ በምስልና በማስታወቂያ የተሞላ ድረ ገጽ በእጅ ስልክ ሲከፈት ብዙውን ጊዜ ቀለል ብሎ ይታያል። አንዳንድ ምስሎች ከገጹ ላይ ይሰወራሉ። ተጠቃሚው ያልታየው ምስል ወደ ስልኩ እንዳልመጣ ቢያስብ አያስደንቅም፤ እውነታው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የተለየ ነው።

የድረ ገጽ ይዘት የሚጻፈው ኤችቲኤምኤል በተባለው ቋንቋ ሲሆን፣ መልኩን የሚወስነው ሲኤስኤስ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994 ሐሳቡ የቀረበው፣ በ1996 ደግሞ የመጀመሪያው ደረጃው የወጣው ይህ ቋንቋ «ዲስፕሌይ ነን» የሚል ትእዛዝ አለው። ትእዛዙ አንድን የገጹን ክፍል ቦታ እንኳ እንዳይዝ አድርጎ ይደብቃል።

ይሁንና ብራውዘሩ ኤችቲኤምኤሉን ሲያነብ የምስሉን አድራሻ እንዳገኘ፣ ምስሉ ይታይ አይታይ ሳይለይ ከሰርቨሩ ይጠይቃል። የተደበቀ ጽሑፍም የገጹ አካል በመሆኑ አብሮ ይወርዳል። በመደበቁ የሚቀንሰው ስልኩ ክፍሉን በስክሪኑ ላይ ለማሳየት የሚሠራው ሥራ ብቻ ነው።

ለምሳሌ የተደበቀው ምስል 2 ሜጋባይት፣ የግንኙነቱ ፍጥነትም በሰከንድ 4 ሜጋቢት ቢሆን፣ አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ፣ ማንም የማያየው ምስል መስመሩን ለ4 ሰከንድ ያህል ሊይዝ ይችላል። የሚታየው ይዘት በዚያው መጠን ይዘገያል፤ ዳታውም ከተገልጋዩ ጥቅል ላይ ይቀነሳል።

ደንቡ ግን ሁሉንም ምስል አይመለከትም። ምስሉ በሲኤስኤስ እንደ ዳራ የተቀመጠ ከሆነና እርሱን የያዘው የገጹ ክፍል ከተደበቀ፣ ዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች ምስሉን አያወርዱትም።

ለገጽ ሠሪዎች የተሻሉ መንገዶች አሉ። «ፒክቸር» የተባለው የኤችቲኤምኤል ክፍል ለእያንዳንዱ የስክሪን ስፋት ተስማሚውን ምስል ብቻ እንዲመረጥ ያደርጋል። «ሌዚ ሎዲንግ» የተባለው ዘዴ ደግሞ ምስሉ የሚወርድበትን ጊዜ ተጠቃሚው ወደ እርሱ እስኪቃረብ ያዘገያል። ለስልክ ፈጽሞ የማያስፈልገውን ይዘት ግን ከመጀመሪያው ከሰርቨሩ አለመላክ ይመረጣል።

ለንግዱ ድረ ገጽ የሚያሠራ ሰው እንግዲህ ባለሙያውን «ገጹ በስልክ ላይ እንዴት ይታያል?» ብሎ ብቻ ሳይሆን፣ «ስንት ሜጋባይት ያወርዳል?» ብሎም ሊጠይቅ ይገባዋል። በቅድመ ክፍያ ዳታ የሚጠቀም ደንበኛ ለማያየው ምስል መክፈል የለበትምና።