ኳሷን የማያይ ማሽን

ፒንቦል ከመስታወቱ ውጭ ለቆመ ሰው ዓይን የሚስብ ትርኢት ነው፤ መብራቱ ይብለጨለጫል፣ ደወሉ ይጮኻል፣ 80 ግራም ገደማ የምትመዝን የብረት ኳስ ዘቅዘቅ ባለው ሰሌዳ ላይ ትከንፋለች። ማሽኑ ራሱ ግን ኳሷን አያያትም። መኖሯን የሚያውቀው አንዱን ስዊች ስትነካ ወይም የአንዱን ሴንሰር ጨረር ስታቋርጥ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ሌላ ስዊች እስክትደርስ ድረስ ለእርሱ የለችም። በጆተኒ ጎል መግባቱን ተጫዋቾቹ አይተው ይቆጥራሉ፤ እዚህ ቆጣሪው ማሽኑ ነው፤ ቆጠራው ከተዛባ ጨዋታው ይቆማል።

የቺካጎው ዊልያምስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1995 የሠራውን «አታክ ፍሮም ማርስ» እንውሰድ። አራት ኳሶች አሉት። ጨዋታ ሲያልቅ ኳሶቹ ተጫዋቹ ኳስ ከሚመታባቸው ክንዶች፣ ከፍሊፐሮቹ፣ ሥር ወርደው ከሰሌዳው በታች ባለ ዘቅዛቃ ቦይ ውስጥ ይሰለፋሉ። በቦዩ በአንደኛው ጎን ለዓይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ጨረር የሚልኩ ትናንሽ ዳዮዶች፣ በሌላኛው ጎን ጨረሩን የሚቀበሉ ሴንሰሮች አሉ። ኳስ በመሃል ስትቆም ጨረሩ ይቋረጣል፤ ማሽኑም «አንድ አለች» ይላል። አራቱንም ካላገኘ አዲስ ጨዋታ ለመጀመር ያመነታል፤ የጠፋችው አንድ ቦታ ተሸጉጣ እንደሆነ ብሎ በኤሌክትሪክ የሚሠሩትን መግፊያዎች፣ ሶሌኖይዶቹን፣ በየተራ እያንቀሳቀሰ ይፈልጋታል። በእውነት የተቀረቀረች ኳስ ካለች ይህ ፍለጋ ብዙ ጊዜ ያስለቅቃታል። አራቱም ቦዩ ውስጥ ተደርድረው እያለ የሚፈልግ ከሆነ ግን ችግሩ ኳሷ ጋ አይደለም፤ ሴንሰሩ ነው የሳታት።

እነዚህ ማሽኖች የተሠሩት ለመጫወቻ አዳራሽና ለቡና ቤት ነበር፤ በየጊዜው እየመጣ የሚከፍታቸው ባለሙያ ነበራቸው። ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ1999 የፒንቦል ሥራውን ዘጋ፤ ብዙዎቹ ማሽኖችም ዛሬ በሰው ሳሎንና ምድር ቤት ናቸው። ስለዚህ ባለቤቱ ራሱ መካኒክ መሆን አለበት። ለዚህ አምራቾቹ ትልቅ ውለታ ውለውለታል፤ በሳንቲም ማስገቢያው በር ውስጥ ባሉት ቁልፎች የስዊች መፈተሻ ይከፈታል። ኳሶቹን ሁሉ አውጥቶ አንድ በአንድ እየመለሱ ስክሪኑን ማየት ነው። እያንዳንዷ ስትገባ አንድ የስዊች ምልክት መለወጥ አለበት። ያልተለወጠው የት እንደሆነ ካወቁ ሰሌዳውን ሳያነሱ ጥፋቱ ያለበትን ቦታ አገኙት ማለት ነው። መሣሪያ ከማንሳት በፊት ይህን ፈተና የሚዘል ሰው ጤነኛ ዕቃ ይለውጣል፤ ገንዘቡንም ያባክናል።

ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ጥያቄ «ስንቱ ነው የታመመው?» የሚለው ነው። በዚያ ዘመን ማሽኖች ስዊቾቹ 8 በ8 በሆነ ሠንጠረዥ የተጠላለፉ ናቸው፤ አንዱ ረድፍ ወይም አንዱ ዓምድ በሙሉ ዝም ካለ የሚፈለገው የተበጠሰ ሽቦ ወይም የላላ ኮኔክተር ነው። የጨረር ሴንሰሮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከጠፉ ኃይል የሚሰጣቸውን 12 ቮልት መስመርና ፊውዙን ማየት ነው። አንዱ ብቻ ከሆነ ግን ሴንሰሩ ራሱ ወይም ብየዳው ነው። የቦዩ ሰርኪዩት ቦርዶች ኳስ በተወረወረ ቁጥር ይንቀጠቀጣሉ፤ በዓመታት ውስጥ ብየዳው ለዓይን በማይታይ ስንጥቅ ይከፈታል። ይህ ዓይነት ጥፋት ሲፈልግ ይሠራል፣ ሲፈልግ ያቆማል፤ በጣት ጫን ሲሉት ይድናል፣ ሲለቁት ይመለሳል። መድኃኒቱ በካውያ ብየዳውን ማደስ ነው። ላኪው ዳዮድ መብራቱን ለማረጋገጥ የስልክ ካሜራ ይበቃል፤ ዓይን የማያየውን ጨረር ብዙ ካሜራዎች እንደ ሐምራዊ ነጠብጣብ ያሳያሉ። አንዳንዴ አቧራ መጥረግ ብቻ በቂ ነው።

አንዳንዴ ግን ሴንሰሩ ደህና ሆኖ ኳሷ ራሷ ታስቸግራለች። እንደ «አዳምስ ፋሚሊ» ያሉ ማሽኖች ከሰሌዳው ሥር ማግኔት አላቸው፤ ኳሶቹ ከጊዜ በኋላ ራሳቸው ማግኔት ይሆኑና ቦዩ ውስጥ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። አንዷ ስትወጣ ሌላዋን ትጎትታለች ወይም በቦታዋ አትሰለፍም። መፍትሔው አዲስ ኳስ መግዛት ነው፤ ዋጋውም ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው «ትዋይላይት ዞን» ደግሞ ከብረት ኳሶቹ ጋር አንዲት ነጭ የሴራሚክ ኳስ አለችው፤ ማግኔት አይስባትም። ማሽኑ የሚለያት ብረት ሲቀርበው ብቻ ምልክት በሚሰጥ ሴንሰር ነው፤ ኳስ አልፋ ያ ሴንሰር ዝም ካለ ያለፈችው እርሷ ናት። ኳስ መለየት እዚህ የጨዋታው ውበት ነው፤ ሴንሰሩ ከተበላሸ ይህ ሁሉ ይጠፋል።

የማሽኑን እግሮች ማስተካከልም አይረሳ። ወደ ጎን ከዘመመ ኳስ የማይጠበቅበት ቦታ ትቆማለች፤ ከፊት ወደ ኋላ 6.5 ዲግሪ ገደማ ተዳፋት፣ በወርዱ ደግሞ ውሃ ልክ መሆን አለበት።

እጅ ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት መሰኪያው ከግድግዳው ይነቀል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከተሠሩት ከእነዚህ ማሽኖች በብዙዎቹ የሳንቲም ማስገቢያው በር ሲከፈት ወደ ሶሌኖይዶቹ የሚሄደው ከፍተኛ ቮልቴጅ ይቋረጣል፤ ከግድግዳው የሚመጣው ኤሌክትሪክ ግን አይቋረጥም። በሩን ከፍቶ የኳስ ማስወጫውን የሚሞክር ሰውም «ሶሌኖይዱ ተቃጥሏል» ብሎ ከመደምደሙ በፊት በሩን ዘግቶ እንደገና ይሞክረው።