ስለ አምባዛ ዓሣ ማባበያ አመራረጥ

ከአቦምሳ በታች ባለው ቆላ በሚፈሰው በአዋሽ ወንዝ ከሚገኙት ዓሦች አንዱ አምባዛ ነው። ይህን ዓሣ በመንጠቆ ለመያዝ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ፥ በመንጠቆው ላይ ምን ማባበያ ልስካ የሚለው ነው። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ፥ ማባበያ የሚመረጠው በዓሣው ጠባይ፥ በወቅቱና በአጥማጁ ደኅንነት መሆኑን ለማስረዳት እንሞክራለን።

አምባዛ ቅርፊት የሌለው፥ ራሱ ጠፍጣፋ፥ በአፉ ዙሪያ ስምንት ሪዞች ያሉት ዓሣ ነው። የሳይንስ ስሙ ክላሪያስ ጋሪፒኑስ ሲሆን፥ ዝርያውን በ1822 እ.ኤ.አ. የገለጠው እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ዊልያም በርቼል ነው። ዐይኖቹ ትንንሾች ናቸው። ምግቡን በአብዛኛው የሚፈልገው በምሽትና በሌሊት፥ በወንዙ ወለል አጠገብ ነው። የአዋሽም ውሃ ከደጋ በሚወርደው አፈር በክረምት ይደፈርሳል። ስለዚህ አምባዛ ከማየት ይልቅ በማሽተትና በሪዞቹ ላይ ባሉት የጣዕም ሕዋሳት ይመራል። በቆዳው ላይ ያሉት ረቂቅ ሕዋሳት ደግሞ ሕያው እንስሳ የሚያወጣውን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ለመለየት ያስችሉታል። እንግዲህ ለአምባዛ የሚያስፈልገው መልኩ ያማረ ማባበያ ሳይሆን፥ ሽታው በውሃ የሚሰራጭ፥ ከመንጠቆውም በቀላሉ የማይላቀቅ ነው።

በዚህ መመዘኛ የተለመዱትን ማባበያዎች እንመልከት። የመሬት ትል ሽታም እንቅስቃሴም አለው፤ ነገር ግን ትንንሽ ዓሦች ቀድመው ይቦጫጭቁታልና ብዙ ትሎች አንድ ላይ መሰካት ይገባል። የበሬ ጉበት ደሙና ሽታው ፈጥኖ ይሰራጫል፤ ሆኖም ለስላሳ ስለሆነ በክር ካልታሰረ ጅረቱ ይወስደዋል። አንጀት ግን ጠንካራ ስለሆነ ብዙ ሰዓት ይቆያል። ትንሽ ዓሣና እንቁራሪት፥ አምባዛ በተፈጥሮው የሚያድናቸው ስለሆኑ፥ ለትልልቆቹ ይስማማሉ። ሊጥ ግን በውሃ ቶሎ ይሟሟል።

ወቅትም ምርጫውን ይለውጠዋል። በዐቢይ ጾም ዓሣ ፈላጊው ሲበዛ፥ በክርስቲያን ልኳንዳ ቤቶች እርድ ስለሚቀር፥ ጉበትና አንጀት የሚገኘው ከሙስሊም ልኳንዳ ቤት ነው። ጊዜው በጋ በመሆኑም ትል ወደ መሬት ውስጥ ይርቃል፤ የሚፈልገው ሰው በመስኖ ማሳና በእርጥብ ዳርቻ ይቆፍር። ይህም ባይገኝ፥ ከዚያው ወንዝ የተያዘ ትንሽ ዓሣ ቆራርጦ መስካት ወጪ የሌለበት መንገድ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ሊዘነጋ የማይገባው፥ ደም የሚስበው አምባዛን ብቻ አለመሆኑ ነው። አዋሽ አዞ ያለበት ወንዝ ነው። ስለዚህ ጉበት ወይም አንጀት የያዘ አጥማጅ በውሃው ዳር አይቁረጥ፥ እጁንም በወንዙ አይታጠብ፥ ከዳርቻው ራቅ ብሎ ይቀመጥ። አምባዛ በምሽት ይበላል ተብሎ ብቻውን በጨለማ መቆየትም አይገባም፤ ውሃው በደፈረሰ ጊዜ በቀንም ይያዛልና።

በአገራችን የብርብራ ፍሬ ወቅጦ በውሃ ላይ በመበተን ዓሣን ማደንዘዝ ከጥንት የታወቀ ዘዴ ነው። ይህ ዘዴ ግን ታላቁንም ጫጩቱንም፥ እንቁላል የያዘችውንም ሳይለይ ይፈጃል። መንጠቆ ግን የሚይዘው አንድ በአንድ ነው፤ ማባበያውን ከፍ ያደረገም ትንንሾቹን ይተዋል። በክረምት አምባዛ እንቁላል ለመጣል በጎርፍ ወደተሸፈነው ሣር ሲወጣ ደግሞ፥ ሆዷ የከበደውን መልሶ መልቀቅ ለከርሞ ማስቀመጥ ነው። ስለዚህ ማባበያን ማወቅ ዓሣን ለመያዝ ብቻ ሳይሆን ለማቆየትም እንደሚጠቅም አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉልን እንወዳለን።